ከተኩስ የተረፉ ልጆች፥ ሥዕላቸውና ታሪካቸው



መምህር ሆኖ ከዕረፍት በኋላ ተማሪዎቹን ለመቀበል ያልተዘጋጀ የለም፤ ጠመኔውንም መጽሐፉንም አሰናድቶ ይጠብቃል። ነገር ግን ተማሪዎቹ ከሁለት ሳምንት በፊት ባልንጀሮቻቸው በክፍል ውስጥ በጥይት ሲወድቁ ያዩ ቢሆኑ፥ በመጀመሪያው ቀን በሰሌዳው ላይ ምን ይጽፍላቸው ይሆን? ይህ ጥያቄ በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ ክፍለ ግዛት፥ ፓርክላንድ በምትባል ከተማ፥ የማርጆሪ ስቶንማን ዳግላስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራንን በእውነት የገጠማቸው ጥያቄ ነው።

ነገሩ የሆነው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 14 ቀን፥ በእኛ የካቲት 7 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው (ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ቀድሞ በዚያው ትምህርት ቤት ይማር የነበረ የ19 ዓመት ወጣት ጠመንጃ ይዞ ገባና ስድስት ደቂቃ ያህል በሚሆን ጊዜ ውስጥ 14 ተማሪዎችንና 3 የትምህርት ቤቱን ሠራተኞች ገደለ፤ ሌሎች 17 ሰዎችን አቆሰለ። ዕለቱ ፈረንጆች ለሚወዱት ሰው አበባና ካርድ የሚሰጡበት በዓል ስለ ነበረ ልጆቹ ስጦታቸውን እንደ ያዙ ነበር የተበተኑት።

በዚያ አገር የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችንም ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት፥ ተኩስ ቢነሣ በር ዘግቶ መብራት አጥፍቶ ዝም ማለትን ሕፃናት በሚለማመዱባቸው ትምህርት ቤቶች ነውና ነገሩ ከእኛም ቤት የራቀ አይደለም።

ትምህርት ቤቱ በፌብሩዋሪ 28 ቀን እንደ ገና ሲከፈት፥ ርእሰ መምህሩ ለትምህርት ሳይሆን ለመጽናናት ስለምትመጡ ቦርሳ መያዝ አያስፈልጋችሁም ብለው አስቀድመው አስታወቁ። ተማሪ ደብተሩን ረስቶ በመጣ ጊዜ የምንቆጣ እኛ መምህራን ይህን ስንሰማ ጥቂት ልናስብ ይገባናል።

ታዲያ ልጆቹ ምን አደረጉ? ትምህርት ቤቱ የንስር ምልክት ስላለው፥ ተማሪዎች የሚያዘጋጁት ጋዜጣ «የንስር ዓይን» ይባላል። የጋዜጣው አማካሪ የሆኑት መምህርት በተኩሱ ጊዜ 19 ተማሪዎችን ይዘው በክፍላቸው የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ተደብቀው ነበር። የጋዜጣው አዘጋጆች ተመልሰው ሲሰበሰቡ የአሥራ ሰባቱን ሟቾች የሕይወት ታሪክ ሊጽፉ ተነሡ። ይህም በእኛ አገር በቀብር ላይ ቆሞ አንድ ሰው እንደሚያነበው ያለ ጽሑፍ ነው፤ ልዩነቱ ጸሐፊዎቹ ገና ጢም ያላበቀሉ፥ የሟቾቹ የትምህርት ቤት ጓደኞች መሆናቸው ነው።

እስቲ ይህን ሥራ ልብ ብለን እንመልከተው። የሟችን ታሪክ የሚጽፍ ልጅ መጠየቅ ይኖርበታል። ምን ያስቀው ነበር? ምን መጫወት ይወድ ነበር? ወደፊትስ ምን ለመሆን ያስብ ነበር? «እኔ ለምን ተረፍሁ?» እያለ ሌሊት ሲገላበጥ የሚያድር ልጅ መልስ የሌለውን ያን ጥያቄ ለጥቂት ሰዓት ትቶ መልስ ያለውን ጥያቄ ይዞ ይሄዳል። ሐዘኑ አልቀነሰለትም፤ ነገር ግን እጁ ሥራ አገኘ። እኛ እንደምናየው ከመድኃኒቱ አንዱ ክፍል ይኸ ነው። በ2019 ዓ.ም. ኤፕሪል ወር የፑሊትዘር ሽልማት ሲታወጅ፥ የሽልማቱ ኃላፊ እነዚያን 17 የሕይወት ታሪኮች ያቀረቡትን ተማሪዎች በመድረኩ ላይ አንሥተው አመስግነዋቸዋል።

በዚያው ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛና የጋዜጠኝነት መምህርት የነበሩት ሣራ ለርነር ደግሞ ተማሪዎቹ በየዓመቱ ፎቶግራፋቸውን የሚያወጡበትን የመታሰቢያ መጽሐፍ ይመሩ ነበር። የ2018 ዓ.ም. መጽሐፍ ሟቾቹን እያንዳንዳቸውን የሚያስታውስ ጽሑፍ ይዞ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት መጽሐፍ ግን ከተማሪዎቹ ፎቶግራፍ ጋር የ14 ውሾች ፎቶግራፍ ታተመ! ውሻን ከደጅ የማናስገባ እኛ ይህን ስንሰማ ፈገግ ልንል እንችላለን። ውሾቹ ያዘኑትን ለማጽናናት የሠለጠኑ ነበሩ፤ ከአደጋው በኋላ በየክፍሉ እየገቡ ከልጆቹ አጠገብ ይተኙ ነበር። በለቅሶ ቤት አንዳች ሳይናገር አጠገባችን የሚቀመጠውን ጎረቤት የሚያስታውስ ሰው ምክንያቱን ለመረዳት አይቸገርም። ውሻ «እንዴት ሆነ? ምን አየህ?» ብሎ አይጠይቅም።

እኒሁ መምህርት የተማሪዎቹንና የመምህራኑን ድርሰት፥ ግጥም፥ ሥዕልና ፎቶግራፍ ሰብስበው በጃንዋሪ 2019 ዓ.ም. በአንድ መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያ መጽሐፍ መጻፍ ለሚችለው ድርሰት፥ ቃል ላጠረው ሥዕል ተፈቅዶለታል፤ ይህን እጅግ ወድደነዋል።

ሥዕልን ካነሣን፥ በቴክሳስ ክፍለ ግዛት ዩቫልዲ የተባለችውን ትንሽ ከተማ ማለፍ አንችልም። በ2022 ዓ.ም. ሜይ 24 ቀን በሮብ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 19 ሕፃናትና 2 መምህራን ተገደሉ። በዚያው ዓመት ሠዓልያን ተሰብስበው የሃያ አንዱን መልክ በከተማው መካከል ባሉ ሕንፃዎች ግድግዳ ላይ በትልልቁ ሣሉ። ሠዓልያኑ ከፎቶግራፍ ብቻ አልገለበጡም፤ ወላጆችን ልጃችሁ ምን ይወድ ነበር እያሉ ጠየቁ፥ የነገሯቸውንም ከመልኩ ጋር አብረው ሣሉት። ወንድምና እኅት፥ የአጎት ልጅና የክፍል ጓደኛ በዚያ መንገድ ሲያልፉ የሚያዩት በዜና የተነገረውን አሟሟት ሳይሆን ያን የሚያውቁትን ልጅ ነው። አሰቃቂ ነገር ያየ ሕፃን ሳይወድ ወደ ዓይኑ የሚመላለስበት የመጨረሻው ሰዓት ነው፤ ደህና ሥዕል ግን ከዚያ ሰዓት በፊት የነበሩትን ዓመታት ይመልስለታል።

ይሁን እንጂ ይህን ሰምቶ ወላጅ ወይም መምህር ልጁን «ተናገር፥ ጻፍ፥ ይውጣልህ» ብሎ እንዳያስጨንቀው እንፈራለን። አደጋ የደረሰበትን ሰው ወዲያው ሰብስቦ የሆነውን ሁሉ አንድ ጊዜ እንዲተርክ ማድረግ፥ የኋላ ሕመምን እንደማይከላከል፥ እንዲያውም አንዳንዱን እንደሚጎዳ በጥናት ታውቋል። በ1986 ዓ.ም. ጄምስ ፔኔቤከርና ሳንድራ ቢል የተባሉ ተመራማሪዎች 46 የኮሌጅ ተማሪዎችን ለአራት ተከታታይ ቀናት ዐሥራ አምስት ዐሥራ አምስት ደቂቃ አጻፏቸው። የደረሰባቸውን ክፉ ነገርና የተሰማቸውን ስሜት አጣምረው የጻፉት በዚያው ዕለት ሐዘናቸው ባሰ፤ በተከታዮቹ ስድስት ወራት ግን ወደ ሐኪም የሄዱበት ጊዜ ስለ ተራ ነገር ከጻፉት አነሰ። ከዚያ ወዲህ በተደረጉት ብዙ ጥናቶች የታየው ጥቅም መጠነኛ ነው። ብዕር ሐኪምን አይተካም። ከፓርክላንድ ልጆችም ሁለቱ ከዓመት በኋላ፥ በማርች 2019 ዓ.ም.፥ በአንድ ሳምንት ጊዜ ውስጥ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጥፍተዋል። ሰውነቱ ያልቆሰለ ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ማለፍ እንዴት ያለ ስሕተት እንደ ሆነ ከዚህ እናያለን።

ለዚህ ነው የታሪኩ ባለቤት ልጁ ራሱ መሆን አለበት የምንለው። መቼ እንደሚናገር፥ ለማን እንደሚናገር፥ የትኛውን ለራሱ እንደሚያስቀር እርሱ ይወስን። በ1999 ዓ.ም. በኮሎራዶ በኮለምባይን ትምህርት ቤት ከደረሰው ተኩስ የተረፉ ሰዎች፥ እንደ እነርሱ ከደረሰባቸው ጋር ተሰብስበው የሚነጋገሩበትን ማኅበር ያቋቋሙት በ2012 ዓ.ም. ነው፤ ዐሥራ ሦስት ዓመት ማለት ነው። ሁሉም ታሪክ ለኅትመት አይሆንም። በፓርክላንድ አጠገብ ባለችው በኮራል ስፕሪንግስ ከተማ፥ በአንደኛው ዓመት መታሰቢያ፥ ዴቪድ ቤስት የተባሉ ሠዓሊ ከእንጨት አንድ ትልቅ የመታሰቢያ ቤት ሠርተው ነበር። ሰው እየገባ የልቡን በእንጨቱ ላይ ጻፈ። በሜይ ወር ቤቱ ከነጽሑፉ ሕዝቡ ቆሞ እያየ በእሳት ተቃጠለ፤ የታሰበውም ከመጀመሪያው እንዲሁ ነበር።

ተኩሱ የደረሰበት ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ግን ለፍርድ ማስረጃ ይሆናል ተብሎ ሳይነካ ቆየ። ተማሪዎች በአጠገቡ እያለፉ ይማሩ ነበር። በ2022 ዓ.ም. ዳኝነቱን የያዙት ሰዎች ገብተው ሲያዩ፥ የዚያ ዕለት አበቦች ደርቀው፥ ካርዶቹም በየጠረጴዛው ላይ እንደ ነበሩ ተገኙ። በጁን 14 ቀን 2024 ዓ.ም. ሕንፃውን ማፍረስ ተጀመረ። በተኩሱ ቀን ዘጠነኛ ክፍል የነበሩት ልጆች በዚያ ጊዜ ትምህርት ቤቱን ለቅቀው ከሄዱ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። በየቤታቸው ያለውን የመታሰቢያ መጽሐፍ ቢገልጡ በአንደኛው አሥራ ሰባቱን፥ በሁለተኛው ደግሞ ከራሳቸው ፎቶግራፍ ጋር ዐሥራ አራቱን ውሾች ያገኛሉ።