ከጨፋ በነፃ የሚጫነው ኩንታል

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት ከሚሴን አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ ጨፋን በመስኮት ብቻ የሚያውቃት መንገደኛ ስለ ጭቃዋ የሚለው ብዙ አይኖርም። ማሾና ጤፍ ለመጫን፣ ሽንኩርት ከማሳ ለማንሳት ወይም ከብት ለመግዛት ከአስፋልቱ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ የዘለቀ ነጋዴ ግን በሐምሌና በነሐሴ የሚገጥመውን ጠንቅቆ ያውቃል። መኪናው ሲገባ ነጭ ከነበረ ሲወጣ ጥቁር ነው። ስለ እህልና ስለ ከብት ዋጋ በየሳምንቱ ይጻፋል። እህሉንና ከብቱን የሚያመላልሰው ንብረት በየክረምቱ በጭቃ ምክንያት ስለሚያጣው ዋጋ ግን ሲነገር አይሰማም።

እስቲ በወረቀት ላይ እናስላው። አንድ ላንድክሩዘር ፒክ አፕ ከሻሲው ሥርና ከፓራፋንጎው ውስጥ፣ በሦስት ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ብቻ፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጭቃ ተለጠፈበት እንበል። ይህ 60 ሊትር ነው። እርጥብ ጭቃ በሊትር ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ስለሚመዝን፣ ድምሩ ወደ አንድ ኩንታል ይጠጋል። ባለመኪናው ኪራይ ሳይቀበል የጨፋን አፈር አንድ ኩንታል ጭኖ ወደ አዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል ማለት ነው። ናፍጣው የሚቃጠለው ለእርሱም ጭምር ነው። እንዲህም ሆኖ ክብደቱ ከጉዳቱ ሁሉ ትንሹ ነው።

ነገሩ ያለው አፈሩ ላይ ነው። የወሎ ሰው ዋልካ ይለዋል፣ የሸዋው መረሬ፣ የአፈር ተመራማሪዎች ደግሞ ቨርቲሶል። በአገራችን ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚሸፍን ይገመታልና ችግሩ የጨፋ ብቻ አይደለም። ጥር ላይ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው መሬት፣ ውሃ ሲያገኝ ያብጥና ስንጥቁን ይደፍናል። ቅንጣቱ ከሚሊ ሜትር ሁለት ሺህኛ ያነሰና እንደ ቅጠል የተነባበረ ነው። በየንብርብሩ መካከል ውሃ ይይዛል፣ የያዘውንም ቶሎ አይለቅም። አሸዋማ ጭቃ ሲደርቅ ራሱ ይረግፋል። ዋልካ ግን ከላይ ደርቆ ከውስጥ፣ ብረቱን በነካበት በኩል፣ ለቀናት እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ዝገት የሚፈልገው ብረት፣ እርጥበትና አየር ነው፤ ሦስቱም እዚያ ተገናኝተዋል። የመኪናው ገላ በመስተዋት ሲያብረቀርቅ የሻሲው ክንድ ከውስጥ ይበላል።

ለመሆኑ ይህ ዛሬ ለምን አሳሳቢ ሆነ? መልሱ ከገበያው ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር የሚከብድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የኤሌክትሪክ ካልሆኑ በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በዶላር የሚገዛ ኩሽኔትም ሆነ ራዲያተር ዋጋው አብሮ ወጣ። ድሮ «ቢበላሽ ሌላ ይመጣል» ይባል ነበር። አሁን በእጅ ያለችው መኪና እንደ መሬት ዋጋዋ የሚጨምር ንብረት ሆናለች። ዋጋዋ የሚጨምረው ታዲያ ከሥሯ ሙሉ ከሆነች ነው።

የሚያስገርመው ባለንብረቱ ራሱ ነው። ለሾፌሩ የውሎ አበል ይቆርጣል፣ ናፍጣ በሊትር ይቆጥራል፣ ለእጥበት ግን አይሰጥም። ሾፌሩስ ምን ያድርግ? የራሱን ገንዘብ አውጥቶ የሰው መኪና አያሳጥብም። ሻሲው ቢዝግ የሚከስረው ሌላ ሰው ነውና መኪናውን ወንዝ ዳር ያቆምና የሚታየውን ገላ በባልዲ አጣጥቦ ይመለሳል። በኢኮኖሚክስ ትምህርት ይህ የታወቀ በሽታ ነው፤ የሚወስነው ሌላ፣ የሚከፍለው ሌላ ሲሆን ንብረት ይጎዳል።

አጠባበቡንም ብንነካው አይከፋም፤ ብዙው ጥፋት የሚደርሰው ከእጥበት እጦት ይልቅ በእጥበት ስህተት ነውና። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ የሚለው አባባል ለዋልካ የተነገረ ይመስላል። ከማሳ የወጣ መኪና ዕለቱን ከሚሴ ላይ ቢታጠብ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። አዲስ አበባ ገብቶ ሁለት ቀን ከቆመ በኋላ ግን ሸክላ ይሆናል። ያኔ በዲጅኖ ወይም በብረት መፋቅ የፀረ ዝገት ቀለሙን አብሮ ያነሳዋል። የደረቀውን በጨርቅ ማሸትም ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እንደመፈግፈግ ነው። መደረግ ያለበት ቀስ ባለ ውሃ ማራስ፣ ሩብ ሰዓት መተው፣ እንደገና ማራስ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ግፊት ያለውን ውሃ መጠቀም ነው። የጠጣ ዋልካ በራሱ ክብደት ይወድቃል። የማይወድቀውን በእንጨት መግፋት ይበቃል። ከሥር ተጀምሮ ገላው በመጨረሻ ይታጠባል።

የግፊት ውሃውም ቢሆን ቦታ አለው። የላቫጆ ልጆች ጉልበቱን ስለሚወዱት የሁሉም መድኃኒት ያደርጉታል። በኩሽኔት ጎማና በኤሌክትሪክ መስመር ላይ በቅርብ ከተተኮሰ ጭቃውን ወደ ውስጥ ይነዳዋል። ራዲያተርም በፊት ለፊት ከፍተኛ ግፊት ቢመታ ስስ ክንፎቹ ይታጠፋሉ። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በለስላሳ ውሃ መታጠብ አለበት፤ ሣርና ጭቃ የደፈነው ራዲያተር ጣርማ በር አቀበት ላይ ነው ዋጋውን የሚያስከፍለው። የጎማ ቸርኬ ከውስጥ በኩል የያዘው ጭቃ ደግሞ ሲደርቅ ሚዛን ያዛባና በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መሪውን ያንቀጠቅጣል። ስንቱ ባለመኪና ነው በባልዲ ውሃ ለሚድን ነገር ባላንስ አሠርቶ፣ ቡሽ አስለውጦ የተመለሰው! ከእጥበት በኋላ ግራሶ ማስደረግ የግድ ነው፤ አዲሱ ግራሶ የገባውን ውሃ ገፍቶ ያስወጣዋል። ጅረት የተሻገረ መኪና ከሆነ ደግሞ የዲፈረንሻሉን ዘይት ማየት ያስፈልጋል። የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በመተንፈሻው በኩል ውሃ ይስባል። ዘይቱ ወተት መስሎ ከተገኘ ሳይውል ሳያድር መለወጥ አለበት።

አንድ ልማድ ግን በግልጽ መነቀፍ ይገባዋል፤ ከእጥበት በኋላ ሻሲውን ለማሳመር ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት መንፋት። ያብረቀርቃል፣ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ነገር ግን ናፍጣ የጎማ ክፍሎችን፣ ቡሹንና መሸፈኛውን ሁሉ ያብጥና ያላላል። ቅባቱም በማግሥቱ አቧራ ይሰበስባል፣ በአቧራው ላይ ቀጣዩ ጭቃ ይበልጥ ይጣበቃል። ለጽዳት ከፍሎ ቆሻሻ መጥሪያ መግዛት ነው። በደረቀ ንጹሕ ብረት ላይ የሚቀባ ፀረ ዝገት፣ በገላው ላይም ሰም፣ ዋጋቸው ቢበልጥም ሥራቸው ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

መከላከሉ የሚጀምረው ከመግባት በፊት ነው። ጥቅጥቅ ያለ ጥርስ ያለው የአስፋልት ጎማ በዋልካ ላይ አሥር ሜትር ሳይሄድ ተሞልቶ ልሙጥ ይሆናል። ሰፊ ጥርስ ያለው ጎማ ሲሽከረከር ጭቃውን ይወረውራል። የተሰበረ ጭቃ መከላከያ ጎማን ማስቀየር የጎሚስታ ሥራ ነው፣ ብዙ አያስወጣም። ከሁሉ የሚረክሰው ግን መጠበቅ ነው፤ ሌሊት የዘነበበት መንገድ ፀሐይ ካየ በኋላ ከሰዓት ላይ ሌላ መንገድ ነው። የጨፋ ሾፌሮች ይህን ያውቃሉ። የሚያስቸኩላቸው አዲስ አበባ ተቀምጦ በስልክ «የት ደረስክ?» የሚለው ነጋዴ ነው። ወደ አስፋልት ከመውጣት በፊትም ቆሞ ጎማን መፋቅ የሌላውን ነፍስ መጠበቅ ነው፤ አስፋልት ላይ የረገፈ ዋልካ ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው፣ ባጃጅና ሞተር ብስክሌት የሚገለብጠውም እርሱ ነው።

ወንዙን ሳናነሳ ማለፍ አይቻልም። ቦርከና የኮምቦልቻን ፋብሪካዎች ፍሳሽ በገባር ወንዞቹ በኩል ተቀብሎ ነው ጨፋ የሚደርሰው። ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። የጨፋ ረግረግ በበጋ የኦሮሞ፣ የአፋርና የአርጎባ ከብት የሚሰበሰብበት ሣርና ውሃ ነው። በዚህ ላይ መኪና ወንዝ ውስጥ አቁሞ ናፍጣና ግራሶ ማጠብ፣ እሑድ በሰንበቴ፣ ሰኞ በባቲ ገበያ ልንገዛው የምንሄደውን ከብት ራሱን መመረዝ ነው። «ከልክሉ» ማለት ቀላል ነው። አማራጭ በሌለበት ግን ክልከላ ሌባና ፖሊስ ማጫወት ይሆናል።

እንግዲህ ባለሀብቱ እዚህ ላይ ነው መታየት ያለበት። ከሚሴ ላይ አስፋልቱን ተጠግቶ፣ ሲሚንቶ ወለልና ማንሻ ያለው፣ ዘይት ከውሃ የሚለይ ጉድጓድ የተቆፈረለት፣ ያጠበበትን ውሃ አስቀምጦ መልሶ ለማራሻ የሚጠቀም ላቫጆ ትልቅ ካፒታል አይጠይቅም። ዋልካ ውሃ ውስጥ ቶሎ አይዘቅጥምና ማጠራቀሚያው ሰፋ ማለት አለበት፤ ከአንድ ይልቅ ሁለት ሦስት ተከታታይ ጉድጓድ ይሻላል። ደንበኛው በክረምት በገፍ፣ በበጋ በመጠኑ ነው። በበልግም ይመጣል። በበጋ የሚጎድለውን ግራሶና ጎማ ይሸፍነዋል። ሥራው የሚከብደው ማክሰኞ ይሆናል፤ የሰንበቴንና የባቲን ገበያ ያዳረሰ ሁሉ የሚመለሰው ያን ቀን ነውና።

ለደላሎችና ለገዥዎች አንድ ነገር ልጨምር። በመስከረምና በጥቅምት ከገጠር የሚወጣ መኪና ለሽያጭ ሲቀርብ ከሥሩ ጭቃ የለበሰ ወይም አዲስ ናፍጣ የተነፋ ከሆነ፣ ሁለቱም ዝገትን ይሸፍናሉና ዋጋ መጥራት ለነገ ይደር። ሻጩ በራሱ ወጪ አሳጥቦ፣ አድርቆ፣ ጉድጓድ ላይ አውጥቶ ያሳይ። የበሩ ታች የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ጭቃ መያዙን በጣት፣ ሻሲው ባሌስትራ በሚይዝበት ቦታ ደግሞ በትንሽ መዶሻ ድምፁን መሞከር ነው። ሙሉ ብረት ይጮኻል፤ የተበላውና በስቱኮ የተደፈነው ድምፁ የታፈነ ነው።