ሰባራ ድልድይና የዓባይ ዳር ገበሬ

ጎጃምን ከቤጌምድር በሚያገናኘው ጥንታዊ የእግር መንገድ ላይ፣ በሞጣና በአንዳቤት መካከል፣ ሕዝቡ «ሰባራ ድልድይ» የሚለው የድንጋይ ሥራ በዓባይ ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። በአካባቢው ለሚኖረው ገበሬ ከሁሉ የታወቀው የታሪክ ምልክት ይኸው ሲሆን፣ ታሪኩን የሚናገረውም ስሙ ራሱ ነው።

ድልድዩ የተገነባው በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በጎንደር ነገሥታት ዘመን መሆኑ ይነገራል። በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ የጠላት ጦር እንዳይሻገር መካከለኛው ቅስት ፈረሰ። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ የተቆረጠው ስፍራ ሳይጠገን ለብዙ አሥርተ ዓመታት ቆየ። በዚህ ጊዜ ሁሉ የሁለቱ ወገን ሰዎች መሻገርን አልተዉም። መንገደኛው ወገቡን በገመድ ይታሰራል፤ በወዲያና በወዲህ ዳር የቆሙ ጎበዞች ገመዱን ይዘው ከጥልቁ ውሃ በላይ ይጎትቱታል። ለገበያ የወጣም፣ ዘመድ ሊጠይቅ የሄደም በዚሁ መንገድ ይሻገር ነበር። ለአርበኝነት የተከፈለው ዋጋ በአንድ የጦርነት ወቅት ብቻ እንዳላበቃ፣ የልጅ ልጅም ጭምር በገመድ ላይ ሆኖ ሲከፍለው እንደኖረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የዚህ ገመድ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ወጣ። ፎቶግራፉን እ.ኤ.አ. በ2001 የተመለከተው አሜሪካዊው የግንባታ ተቋራጭ ኬን ፍራንትዝ በተከታዩ ዓመት ከአካባቢው ሕዝብ ጋር በመተባበር የፈረሰውን ክፍል በብረት አጋጠመ። የግንባታው ዕቃ ወደ ሸለቆው የወረደው በአህያ ጀርባ ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2005 የደረሰው ጎርፍ ጥገናውን ጠርጎ ወሰደው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ በኬብል የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራለት። መሻገሪያው ተለውጧል፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ ሰባራ ነው።

ከዚህ ወደ ላይ፣ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ያለው የአላታ ድልድይ ዕድል ሌላ ነው። ይህም የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ሲሆን «የፖርቱጋል ድልድይ» እየተባለ ይጠራል። ስሙ ግን በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። የውጭ ሰዎች፣ ከህንድ የመጡ ግንበኞች ጭምር፣ የኖራን አሠራር በማስተማር እንደረዱ የሚገልጽ ታሪክ አለ። ይሁን እንጂ አፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ካባረሩ በኋላም የድንጋይና የኖራ ግንባታ አልቆመም፤ የጎንደር አብያተ መንግሥት ምስክር ናቸው። ድንጋዩን የጠረበው፣ ኖራውን ያቃጠለውና የተሸከመው ማን እንደሆነ የድልድዩ ስም አይናገርም። ኖራው በእንቁላል ተለውሷል የሚለው የሕዝብ ወግ ቢያንስ ሥራው ብዙ ስንቅና ድካም እንደጠየቀ ያስታውሳል።

አላታ እስከ ዛሬ የቆመው በጎብኚ ዓይን ብቻ ተጠብቆ ነው ማለት ያስቸግራል። የአካባቢው ሰውና የተጫነ አህያ ይሻገርበታል፤ የላላ ድንጋይ ቢኖርም ከሁሉ በፊት የሚያየው የሚረግጠው ሰው ነው። እዚህ ላይ የቅርስና የገጠር መንገድ ሥራ በሁለት የተለያየ መዝገብ መያዙ ጉዳት አለው። ቅርስ የሚጠብቀው ክፍል መንገደኛውን፣ መንገድ የሚሠራውም ክፍል ግንቡን ለሌላው ይተዋል። በ2016 ዓ.ም. በባሕር ዳር ከተማ ለተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ላለው አዲስ የዓባይ ድልድይ መሐንዲስ አለው። በሸለቆ ውስጥ ላለው የእግር መሻገሪያ ግን ዘወትር የሚቀርበው ገበሬው ነው።

ሥራው ከገበሬው አቅም በላይ አይደለም። በመጋጠሚያው መካከል የሚበቅለው የዋርካና የሾላ ችግኝ ገና በለጋነቱ መነቀል አለበት፤ ሥሩ ከወፈረ በኋላ ቢነቅሉት ድንጋዩን ይዞ ይወጣል። በድልድዩ ላይ የሚያቁረው የዝናብ ውሃ መውረጃ ሊበጅለት ይገባል። የተሸረሸረ መጋጠሚያም በኖራ ቢሞላ ይሻላል እንጂ በሲሚንቶ መለሰን ጥሩ አይደለም፤ ሲሚንቶ ከአሮጌው ኖራ ይልቅ ጠንካራ ስለሆነ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ድንጋዩን ያስፈነጥቀዋል። የቅስቱ መሠረትና የተሰነጠቀ ክፍል ግን ያለ ባለሙያ መነካት የለበትም።

ለዚህ የሚመቸው ወቅት እህል ተወቅቶ ወደ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ድረስ ነው። ውሃው ጎድሎ የምሰሶው እግር የሚታየውም፣ ኖራውም ክረምት ሳይመጣበት የሚጠነክረው ያን ጊዜ ነው።