ለወጣት ገበሬ ከቡናው ድርሻ ስለ መስጠት

ልጅን ማሳደግ ማለት አብልቶና አልብሶ ለአካለ መጠን ማድረስ ብቻ አይደለም፤ የሚኖርበትን ሞያ አስተምሮ፣ በሞያውም የሚሠራበትን ሥፍራ ማስያዝ ጭምር ነው። ይህንንም ነገር ዛሬ በኢሉባቦር፣ በመቱና በአካባቢዋ ባለው የቡና ገበሬ ቤት አስመስለን እንነጋገርበት።

በዚያ አገር ቡና በሰው እጅ ከመተከሉ ሌላ በጫካው ውስጥ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ራሱን እየዘራ ይበቅላል። ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ የሚገኘው የያዮ የቡና ጫካ ስለዚሁ ሀብቱ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ገብቷል። የቀድሞ ነጋዴዎችም ቡናውን ከጐሬ ወደ ጋምቤላ እያወረዱ፣ ከዚያም በባሮ ወንዝ በመርከብ ወደ ካርቱም ይልኩት ነበር።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ የሚባለው ደዌ በአገራችን ታየና ለጋውን ፍሬ ሳይበስል እያጠቈረ ያረግፈው ጀመር። የጅማ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ባለሞያዎችም በየጫካው እየዞሩ፣ ጎረቤቱ ሲታመም እርሱ በጤና የቆመውን የቡና ዛፍ ይፈልጉ ነበር። በ1974 በመቱ አካባቢ ከቢሻሪ ከተመረጡት ዛፎች የተገኙት፣ 74110 እና 74112 የተባሉት ዘሮች፣ በ1979 ለገበሬው እንዲሰጡ ተፈቀደ። በቁጥራቸው መጀመሪያ ያለው 74 የተመረጡበትን ዓመት ያመለክታል። ዛሬ እነዚህ ዘሮች ከኢሉባቦር ርቀው በሌሎች የቡና አገሮቻችንም ተተክለው ይገኛሉ። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» እንደሚባለው ግን፣ ለሌላው መድኃኒት የሆነው ጫካ በደጁ ያለው ወጣት ቡናውን ትቶ ወደ ከተማ ሲሄድ ይታያል።

ይህም የሚሆነው የሚያስተምረው ስለ ጠፋ ብቻ አይደለም። የአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት በ1939 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የጅማው ተከተለ። ከ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ወዲህም በየቀበሌው የገበሬ ማሠልጠኛ እንዲቆም፣ በሰብል፣ በእንስሳት እርባታና በተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ የሠለጠኑ የልማት ሠራተኞችም እንዲመደቡ ተደርጓል። መቱም በ2004 ዓ.ም. የራሷን ዩኒቨርሲቲ አገኘች። እንግዲህ ትልቁ ችግር የሚጀምረው ወጣቱ ተምሮ ወደ ቤቱ በተመለሰ ጊዜ ነው።

ልጁ፣ «አባቴ ሆይ፤ ይህ ቡና አርጅቷልና እንጐንድለው» ይላል። ያረጀ ቡና ሲጐነደል ግንዱ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀርቶ በሰያፍ ይቈረጣል፤ ሰያፍ የሚሆነውም የዝናብ ውኃ በቍርጡ ላይ ተኝቶ እንዳያበሰብሰው ነው። ከሚያቈጠቍጡት ብዙ ቀንበጦች ሁለት ወይም ሦስት ብርቱዎቹ ተመርጠው ይተዋሉ፤ የቀሩት ይነቀላሉ። ዛፉም እንደ ገና ወጣት ይሆናል፤ ነገር ግን ደኅና ፍሬ እስኪሰጥ ድረስ ሁለት ዓመት ያህል መታገሥ ያስፈልጋል።

አባትየውም፣ «ሁለት ዓመት ምን ልንበላ ነው?» ብሎ ይቈጣል። በዚህ ጊዜ ልጁን ሞኝ፣ አባቱንም ኋላ ቀር ማለት አይገባም። ልጁ ስለ ዛፉ እውነት ተናግሯል፤ አባቱም ስለ ጓዳው እውነት ተናግሯል። ሁለቱን የሚያስታርቀው መንገድ ቡናውን በአራት ከፍሎ በየዓመቱ አንዱን ክፍል ብቻ መጐንደል ነው። ያን ጊዜ የቀረው ክፍል ቤቱን ይመግባል፤ አሮጌውም ቡና ሁሉ በተራው ይታደሳል።

እኛም በዚህ ላይ የምንጨምረው ምክር አለ። መጀመሪያ የሚጐነደለው ክፍል ለልጁ ይሰጥ፤ ፍሬውም የራሱ ይሁን። የራሱ ድርሻ ያለው ወጣት ቀንበጡን ሲጠብቅ ያድራል፤ ድርሻ የሌለው ግን በአባቱ ማሳ ላይ ደመወዝ እንደሌለው ሙያተኛ ሆኖ ስለሚታየው የተማረውን ይረሳዋል። ሴት ልጅም ከዚህ አትለይ። የቀላውን እሸት ለይታ የምትለቅመው፣ በመሬት ላይ በማስጣት ፈንታ በሽቦ አልጋ ላይ እያገላበጠች የምታደርቀው እርስዋ ከሆነች፣ በጥራቱ ከሚገኘው ብልጫ ዋጋ ድርሻዋን መቀበልዋ ፍርድ ነው። እናቶችም ይህን በቤታቸው ቢያሳስቡ የሚሰማቸው አያጡም።

በኃላፊነት ላይ ያላችሁ ክቡራን አንባቢዎቻችን ደግሞ ማሠልጠኛዎችን ስትጐበኙ፣ «ስንት ወጣት ሠለጠነ?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ፤ መልካም ነው። ከእንግዲህ ግን፣ «ከሠለጠኑት ውስጥ የሚሠራበት ማሳ ያገኘው ስንት ነው?» ብላችሁ ጨምራችሁ ጠይቁ። በእጃችሁ ቡና ያለ እንደ ሆነም፣ ዘንድሮ ለቀማው ካለቀ በኋላ ልጃችሁን ጠርታችሁ አንዱን ክፍል ለዩለት፤ መጐንደያውንም መጋዝ በእጁ ስጡት።