ድንበሩ ሳይነሣ መተባበር

«ኤውሮፓ ድንበር የለውም» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ይህን የሚሉት ሰዎች ከፓሪስ በባቡር ተነሥቶ ፓስፖርቱን ከኪሱ ሳያወጣ ብራስልስ የደረሰ ዘመድ ይኖራቸዋል፤ ወይም ስለ ሼንገን ውል ከመምህር ሰምተዋል። በ1985 ዓ.ም. የአምስት መንግሥታት መልእክተኞች ሉክሳምቡርግ፣ ጀርመንና ፈረንሳይ በሚገናኙበት በሞዜል ወንዝ ላይ፣ ሼንገን በምትባለው ትንሽ መንደር አጠገብ፣ በመርከብ ላይ ሆነው የፈረሙት ያ ውል የኬላውን ዘበኛ ከመንገድ አንሥቶታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) እኔ ግን አባባሉን አልቀበለውም። የተነሣው ዘበኛው ነው እንጂ ድንበሩ አይደለም። ድንበሩ ከመንገድ ዳር ተነሥቶ ወደ መዝገብ ቤት ገባ፤ በግብር ደብተር፣ በሐኪም ዲፕሎማ፣ በልደት ምስክር ወረቀት፣ በሬሳ ሣጥን ላይ ሳይቀር ተቀምጦ ይገኛል። የኤውሮፓ የጠረፍ ሕዝቦች የሚያስደንቀው ሥራቸውም ድንበርን ማጥፋታቸው ሳይሆን፣ ድንበሩ እንዳለ ሆኖ ጐረቤትነትን ማቆማቸው ነው። በዚህም ሥራ ከሚኒስትሮች ይልቅ የከተማ ሹሞች፣ ሐኪሞችና አጥኚዎች ልቀው ተገኝተዋል ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ ምስክር አድርጌ የማቀርበው አንድ ሐኪም ቤት ነው። ፈረንሳይንና እስጳንያን በሚለዩት በፒሬኔ ተራሮች መካከል ሰርዳኛ የምትባል፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1000 ሜትር የምትበልጥ ደጋማ ሜዳ አለች። ሕዝቧ በቋንቋም በዝምድናም አንድ ነበረ። በ1659 ዓ.ም. ግን ሁለቱ ነገሥታት ሲታረቁ ሜዳይቱን ለሁለት ቈረጧት። ለፈረንሳይ እንዲሰጡ የተፈረደባቸው «መንደሮች» ናቸውና ዪቪያ የምትባለው ሥፍራ የከተማነት ማዕርግ ስለ ነበራት ለእስጳንያ ቀረች፤ እስከ ዛሬም ዙሪያዋን በፈረንሳይ መሬት ተከብባ ትኖራለች። ነገሥታት በአንዲት ቃል ሲከራከሩ በሕዝብ ላይ የሚደርሰውን ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት መቶ ኀምሳ ዓመት ያህል አለፈ። በፈረንሳይ በኩል ባለችው ሰርዳኛ የሚኖር ሰው በጠና ሲታመም፣ ወይም ሴት ምጥ ሲይዛት፣ ፔርፒኛን እስከሚባለው ከተማ ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የተራራ መንገድ መሄድ ነበረባት። በክረምት በረዶ ይጥላል፤ መንገዱም ይዘጋል። በእስጳንያ በኩል ደግሞ ፑችሰርዳ የምትባለው ከተማ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ትታያለች። የሁለቱም ወገን ነዋሪዎች ቢደመሩ ወደ 30 ሺሕ ያህል ብቻ ስለ ሆኑ፣ ለእያንዳንዱ ወገን ለየብቻ የተሟላ ሐኪም ቤት መሥራት የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ የፈረንሳይ መንግሥትና የካታሎንያ አስተዳደር ተስማምተው አንድ ሐኪም ቤት በፑችሰርዳ አሠሩ፤ ከማሠሪያውም ገንዘብ የሚበልጠውን የኤውሮፓ ኅብረት ረዳ። ሐኪም ቤቱ በ2014 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። ድርሻው ስድሳ በመቶ የካታሎንያ፣ አርባ በመቶ የፈረንሳይ ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ለጋዜጣ የሚመች ደስ የሚያሰኝ ወሬ ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን ሪባኑ ከተቈረጠ በኋላ የመጣው ነው። ከፈረንሳይ ወገን የሄደች እናት ልጅዋን በፑችሰርዳ ስትወልድ ልጁ በውጭ አገር እንደ ተወለደ ተቈጠረ፤ ቤቷ ከአልጋዋ መስኮት ሊታይ ሲችል ልደቱን በፈረንሳይ መዝገብ ለማስገባት ደብዳቤና ቈንስላ አስፈለገ። ሽማግሌ በዚያ ሐኪም ቤት ሲሞትም ሬሳው ጥቂት ኪሎ ሜትር ተጕዞ በአባቶቹ መቃብር እንዲያርፍ፣ ከሩቅ አገር እንደሚመጣ ሬሳ ያለ ፈቃድና ሥርዓት ተጠየቀለት። በፈረንሳይ የተማረ ሐኪም በእስጳንያ ምድር በሽተኛ እንዲያክም ዲፕሎማው እስኪታወቅለት መጠበቅ ግድ ሆነበት። እነዚህን ነገሮች አስቀድሞ በፓሪስም ሆነ በማድሪድ ያሰበ ሰው የነበረ አይመስልም። በዋና ከተማ የሚቀመጥ ሹም መወለድና መሞት ድንበር እንደሚሻገሩ ከወዴት ያውቃል? የሐኪም ቤቱ ሰዎች ግን ችግሩን አንድ ባንድ እየቈጠሩ፣ እየጻፉ፣ እየተመላለሱ ጠየቁ፤ ቀስ በቀስም ለብዙው መፍትሔ ተገኘለት። እንደ እኔ አስተሳሰብ ትብብር ማለት ይኸው ነው።

ይህን ስናገር «እነርሱ ሀብታሞች ስለ ሆኑ ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ፤ ከጓደኞቼም አፍ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። መልሱ ቀላል ነው፤ ግን የነገሩን አመጣጥ አይመረምርም። ድንበር ዘለል የሕዝብ ማኅበር በኤውሮፓ መጀመሪያ የተቋቋመው በ1958 ዓ.ም. በጀርመኗ ግሮናውና በሆላንዷ ኤንስኬዴ አካባቢ ሲሆን ስሙም ኤውሬጊዮ ይባላል። ያን ጊዜ ጦርነቱ ካበቃ ገና 13 ዓመት ነበር። ሆላንዶች በጀርመን ሠራዊት ተይዘው የኖሩባቸው አምስት ዓመታት ከማንም ልብ አልጠፉም። አካባቢውም ረግረግ የበዛበት፣ ከሁለቱም አገሮች ዋና ከተሞች የራቀ፣ ኑሮው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ላይ የተመሠረተ ጥግ ነበረ፤ ፋብሪካዎቹም ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት እየተዘጉ ሄዱ። ማኅበሩን ያቆሙት የሁለቱ ወገን የከተማና የገጠር ሹሞች ናቸው እንጂ መንግሥታቱ አይደሉም። ሰዎቹ ተረፈን ብለው አልተባበሩም፤ አነሰን ብለው ነው።

የጠረፍ አገር የሚደኸይበት ምክንያትም ለማንም ግልጥ ነው። በመካከል አገር የሚነግድ ሰው ደንበኛ ከአራቱም ማዕዘን ይመጣለታል፤ ከድንበር ላይ ሱቅ የከፈተ ግን ግማሹ ክብ ተዘግቶበታል። የባቡር ሐዲዱ ከዋና ከተማ ተነሥቶ እዚያ ሲደርስ ያበቃል። መንገድ የሚሠራው መጨረሻ ላይ፣ ትምህርት ቤት የሚከፈተው መጨረሻ ላይ ነው። የኤውሮፓ ኮሚሲዮን በ2017 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ እርስ በርስ የሚዋሰኑት የጠረፍ አውራጃዎች ከኅብረቱ መሬት 40 በመቶ ያህሉን እንደሚይዙና 150 ሚሊዮን ሕዝብ እንደሚኖርባቸው ገልጧል። ይህን ያህል ሕዝብ ጥግ ነው ተብሎ ሊታለፍ አይገባም። በሉክሳምቡርግማ ነገሩ ተገልብጧል፤ ከፈረንሳይ፣ ከቤልጅግና ከጀርመን ድንበር ተሻግሮ በየቀኑ ለሥራ የሚገባው ሰው ከ200 ሺሕ በላይ ነው። እነዚህ ሰዎች ጧት አንድ ቀን ባይመጡ አገሪቱ ሐኪም ቤቷን በምን ሠራተኛ እንደምታሠራ አላውቅም።

አሁን ስለ ምርምር ልናገር። የድንበር ምርምር ሲባል በጓደኞቼ አሳብ ፊት የሚመጣው በዤኔቭ አጠገብ ያለው የሰርን ላቦራቶሪ ነው። እርግጥ ነው፤ 27 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የላቦራቶሪው ቀለበት በስዊስና በፈረንሳይ ምድር ሥር ያልፋል። በውስጡ የሚሮጡት ፕሮቶኖችም በእያንዳንዱ ሰከንድ ከ11 ሺሕ ጊዜ በላይ ስለሚዞሩ፣ የዓለምን ድንበር ያለ ፓስፖርት በመሻገር የሚተካከላቸው የለም። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ አልነቅፈውም። እኔ ግን ከዚህ ይልቅ ደረቅ የሚመስለውን፣ ማንም ፎቶግራፍ የማያነሣውን ምርምር አከብራለሁ። ይኸውም ድንበርን ራሱን የሚያጠና ነው።

ለምሳሌ በጀርመንና በፖላንድ ድንበር፣ በኦደር ወንዝ ዳር፣ ቪያድሪና የሚባል ዩኒቨርሲቲ አለ። በ1506 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ በኋላ ተዘግቶ፣ በ1991 ዓ.ም. እንደ ገና ተከፈተ። ከድልድዩ ወዲያ በፖላንዷ ስሉቢትሰ ከፖዝናን ዩኒቨርሲቲ ጋራ በአንድነት የሚያስተዳድረው ኮሌጅ ስላለው ተማሪው ወንዙን እየተሻገረ ይማራል፤ መምህራኑም ድንበርን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይመረምራሉ። በላይኛው ራይን ደግሞ የባዝል፣ የፍራይቡርግ፣ የስትራስቡርግ፣ የሙሉዝና የካርልስሩኤ ዩኒቨርሲቲዎች ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በማኅበር ተሳስረዋል። ከ100 ሺሕ በላይ የሚሆኑት ተማሪዎቻቸው በአንዱ ተመዝግበው በሌላው ሲማሩ ተጨማሪ ክፍያ አይጠየቁም። ይህን ሳነብ እንደ ቀናሁ አልደብቅም።

ከሁሉም የሚበልጥብኝ ግን በ2018 ዓ.ም. የኤውሮፓ ኮሚሲዮንና የኤውሮፓ ጠረፍ አውራጃዎች ማኅበር በአንድነት የጀመሩት ጥናት ነው። የየጠረፉ ሰዎች «ይህ ሕግ ከዚያ ሕግ ጋራ ተጋጭቶ ሥራችንን አስቆመው» እያሉ ያመለክታሉ፤ የሕግ ዐዋቂ ይመደብላቸውና ጉዳዩን ከሥሩ መርምሮ ቍልፉ የትኛው አንቀጽ ላይ እንደ ሆነ ያሳያል። እንዲህ ያሉ ከ100 በላይ ጉዳዮች ተመርምረዋል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ትዕግሥትና እስክሪብቶ ነው። ያልተቈጠረ መሰናክል አይነሣምና፣ እኔ በበኩሌ ይህን ከዐሥር የወዳጅነት ግብዣ አስበልጠዋለሁ።

የዚህ ሁሉ ድካም ምን ያህል በቀላሉ ሊናድ እንደሚችል የታየው በማርች 2020 ነው። ፈረንሳይና ጀርመን በ2019 ዓ.ም. በአኸን ከተማ አዲስ የወዳጅነት ውል ተፈራርመው፣ ለጠረፍ አውራጃዎች ልዩ አስተያየት እንዲደረግ ቃል ከገቡ 14 ወር ያህል ብቻ ሆኗቸው ነበር። የኮሮና በሽታ ሲገባ ጀርመን ድንበሯን ዘጋች። በ2017 ዓ.ም. ራይንን ተሻግሮ ስትራስቡርግን ከጀርመኗ ኬል ያገናኘው ትራም ድንበሩ ላይ ቆመ። ከሁሉ የባሰው በጀርመኗ ኮንስታንስና በስዊሷ ክሮይትስሊንገን የሆነው ነው። እነዚህ ሁለት ከተሞች ቤታቸው ተያይዞ አንድ ሆነዋል፤ በመካከላቸው የሽቦ አጥር ተተከለ። እጮኛሞችና ባልና ሚስት፣ አያቶችና የልጅ ልጆች ከወዲህና ከወዲያ ሆነው በሽቦው ቀዳዳ እጅ ለእጅ ተያያዙ። ሹሞቹ ይህን ባዩ ጊዜ ሁለተኛ አጥር በሁለት ሜትር ርቀት አስተከሉና ማንም ማንንም እንዳይነካ አደረጉ። አጥሩ እስኪነሣ ሁለት ወር ያህል አለፈ። በሽታው አስፈሪ እንደ ነበረ አልክድም፤ ዳሩ ግን በአንድ ከተማ ከሚኖር ሰው ይልቅ በሌላ ፓስፖርት የሚኖር ጐረቤት የበለጠ በሽታ ያስተላልፋል የሚል ሐኪም የለም።

በዚያው በማርች ወር ሌላም ነገር ሆነ። የአልዛስ ሐኪም ቤቶች በበሽተኛ ሞልተው አልጋ ሲጠፋ፣ ከድንበሩ ወዲያ ያሉት የጀርመን ሐኪም ቤቶች የፈረንሳይ በሽተኞችን ተቀብለው አከሙ። ጤነኛ የማይሻገርበትን ድንበር በጽኑ የታመመው ተሻገረው። ይህን ሥራ ያፋጠነው አስቀድሞ የነበረው ትውውቅ ይመስለኛል፤ በጭንቅ ሰዓት ስልክ የሚደወለው ለሚያውቁት ሰው ነውና።

ነገሩ ከበሽታው ጋራ አላለፈም። ጀርመን በ2024 ዓ.ም. ስደተኞችን ለመከልከል ብላ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ላይ ቍጥጥር ዘረጋች፤ ፖላንድም በ2025 ዓ.ም. በበኩሏ እንዲሁ አደረገች። የጸጥታን ጉዳይ እኔ ልፈርድበት አልችልም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲወጣ በድልድዩ ላይ በየቀኑ የሚመላለሰው ተማሪና አስታማሚ አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባ ነበር።

መሰናክሎቹን በሕግ ለማንሣት የተደረገውም ሙከራ ብዙ ጊዜ ወሰደ። ኮሚሲዮኑ በ2018 ዓ.ም. አንድ የሕግ ረቂቅ አቀረበ። አሳቡ ሁለት አገሮች ሲስማሙ የአንዱ ሕግ በሌላው ጠረፍ ላይ ለአንድ የታወቀ ሥራ እንዲሠራ የሚፈቅድ ነበር፤ ለምሳሌ ለአንድ ትራም ወይም ለአንድ ሐኪም ቤት። መንግሥታቱ ሥልጣናችን ይነካል ብለው ፈሩና ረቂቁ ተቀመጠ። በምትኩ የለዘበ ሕግ ተዘጋጅቶ በ2025 ዓ.ም. ጸደቀ። አዲሱ ሕግ የጠረፍ ሰዎች መሰናክላቸውን የሚያመለክቱበትን በር ይከፍታል፤ መንግሥት ግን መሰናክሉን እንዲያነሣ አያስገድደውም። ሰባት ዓመት ተጠብቆ የተገኘው ይህ ነው። አንዳንዶች ከምንም ይሻላል ይላሉ፤ ትክክል ነው፤ ከምንም ይሻላል። እኔ ብጠየቅ ኖሮ ግን ለፋብሪካውና ለንግዱ ፈቃደኝነቱን ትቼላቸው፣ ለወላድ፣ ለበሽተኛና ለሬሳ የሚያስገድድ አንድ አንቀጽ ባስገባሁበት ነበር።