የክፍያ መልእክት መንገድ ላይ ሲቀር ዕዳው የማን ነው?

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማዛወር ችለው ነበር። ወሬው በማኅበራዊ መገናኛ ዘዴዎች ሲዛመት በየዩኒቨርሲቲው የሚገኙ ተማሪዎች በኤቲኤም ማሽኖች ፊት ተሰለፉ። ባንኩ በዚህ መልኩ የወጣው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን፣ መንስኤውም የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን አስታወቀ። በኋላም ገንዘቡን ያልመለሱ 567 ሰዎችን ስም ይፋ ያደረገ ሲሆን፣ አብዛኛውን ገንዘብ ማስመለስ ችሏል።

ያ ስሕተት የጎዳው ባንኩን ነበር። የዚህ ተቃራኒ የሆነው ስሕተት ግን የዜና ርዕስ ሳይሆን ያልፋል። ገንዘቡ ከላኪው ሒሳብ ይቀነሳል፤ ተቀባዩ ዘንድ ግን አይደርስም። ባንኩ ገንዘቡን ለማስመለስ ቅርንጫፎች፣ የሕግ ባለሙያዎችና የደንበኞቹ ሙሉ መረጃ ነበሩት። ደንበኛው በእጁ ያለው አንድ የግብይት መለያ ቁጥር ብቻ ነው።

ችግሩ የሚፈጠረው የዲጂታል ክፍያ በሚጓዝበት መንገድ ላይ ነው። ከስልክ የተላከ የክፍያ ትዕዛዝ ወደ ላኪው ባንክ፣ ከዚያም ጌትዌይ ወደሚባለው የመልእክት መተላለፊያ፣ በመጨረሻም ወደ ተቀባዩ ተቋም ያልፋል። ምላሹም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ለላኪው የሚደርሰው ምላሽ «ተፈጽሟል» ወይም «አልተፈጸመም» ከሆነ ችግር የለም። አስቸጋሪው ዝምታው ነው። ትዕዛዙ መንገድ ላይ ጠፍቶ ከሆነ ገንዘቡ አልደረሰም፤ የጠፋው ምላሹ ከሆነ ግን ገንዘቡ ደርሷል። ጌትዌዩ ካለበት ቦታ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። በድረ ገጽ ሥርዓቶች የተለመደው 504 የተሰኘው የስሕተት ኮድም ምላሹ በጊዜው አለመድረሱን እንጂ ሥራው መሠራት አለመሠራቱን አይናገርም።

ዝምታውን እንደ ውድቀት የሚቆጥር ሥርዓት ደንበኛውን «አልተሳካም፣ እንደገና ይሞክሩ» ይለዋል። ደንበኛውም ሁለት ጊዜ ሊከፍል ይችላል። እንደ ስኬት የሚቆጥረው ደግሞ ነጋዴው ገንዘብ ሳይደርሰው ዕቃውን እንዲያስረክብ ያደርጋል። መሐንዲሶች መፍትሔውን ካወቁት ቆይተዋል። እያንዳንዱ ክፍያ ትዕዛዙ ቢደጋገም እንኳ ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይፈጸም የሚያደርግ ልዩ ቁጥር ይሰጠዋል። ምላሽ ሲዘገይ ሥርዓቱ በቅድሚያ የክፍያውን ሁኔታ ይጠይቃል፤ አለመፈጸሙ ሲረጋገጥ ገንዘቡን ይመልሳል። በቀኑ መጨረሻም ተቋማቱ መዝገባቸውን ያስታርቃሉ። እስከዚያ ድረስ ለደንበኛው ሊነገረው የሚገባው እውነት «በሂደት ላይ ነው» የሚለው ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ ጉዳዩ ክብደት እያገኘ የመጣው የሚገናኙት ተቋማት በመብዛታቸው ነው። ኤምፔሳ እ.አ.አ. በ2007 በኬንያ ሲጀመር ላኪውም ተቀባዩም በአንድ ድርጅት መዝገብ ላይ ነበሩ። እ.አ.አ. በ2018 ግን በኬንያ ከአንዱ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ወደ ሌላው በቀጥታ መላክ ተጀመረ። በኢትዮጵያ ቴሌብር እ.አ.አ. በ2021፣ ኤምፔሳ ደግሞ በ2023 ሥራ ጀምረዋል። ሁለት መዝገቦች በተገናኙበት ሁሉ ኃላፊነትን ወደ ሌላው ማሻገር የሚቻልበት ድንበር ይፈጠራል። ባንኩ ወደ ቴሌኮም ኩባንያው፣ ኩባንያው ወደ ባንኩ ሲያመላክት በመካከል የሚመላለሰው ደንበኛው ነው። ከባሕረ ሰላጤው አገራት ወይም ከአሜሪካ ለቤተሰብ የሚላክ ገንዘብ ደግሞ የሚያልፍባቸው ተቋማት ይበዛሉ፤ ላኪው ቅርንጫፍ ሄዶ የመከራከር ዕድል የለውም።

ሕንድ ለዚህ ግልጽ ደንብ አውጥታለች። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ እ.አ.አ. በመስከረም 2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ከላኪው ተቀንሶ ለተቀባዩ ያልደረሰ ቅጽበታዊ ዝውውር ቢዘገይ በማግስቱ መመለስ አለበት። ከዚያ ካለፈ ተቋሙ ለደንበኛው በየቀኑ 100 ሩፒ ካሣ ይከፍላል፤ ይህንንም የደንበኛውን አቤቱታ ሳይጠብቅ መፈጸም ይጠበቅበታል። ገንዘቡ ብዙ ባይሆንም የሚቸኩለውን ወገን ይቀይራል።

በእርግጥ መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጡበት አካባቢ ጥብቅ የጊዜ ገደብ ትንንሽ ተቋማትን ሊከብዳቸው ይችላል። በችኮላ የሚደረግ ተመላሽም ገንዘቡ ለላኪውም ለተቀባዩም እንዲደርስ ሊያደርግ ይችላል። ይህ ግን የገደቡን ርዝመት የሚመለከት ክርክር እንጂ ገደብ ላለመኖሩ ምክንያት አይሆንም። ለቤት ኪራይ ወይም ለመድኃኒት የላከው ገንዘብ የት እንዳለ ለማያውቅ ሰው፣ የሚመለስበት ቀንና ተጠያቂው ተቋም አስቀድሞ መታወቁ ትልቅ ለውጥ ነው።