ለቈሰለ ወታደር ውሻ ምን ይጠቅመዋል?

ሰው አገሩን ለመጠበቅ ወደ ጦር ሜዳ ሲዘምት እልልታና ምርቃት ይሸኘዋል። ዐይኑን ወይም እግሩን አጥቶ ሲመለስ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀበለው ሐዘኔታ ብቻ ነው። ሐዘኔታ መልካም ነገር ቢሆንም መንገድ አያሻግርም። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ለጦር ጉዳተኛ ከኒሻንና ከጡረታ ገንዘብ ቀጥሎ የሚገባው ነገር በራሱ ፈቃድ ወጥቶ መግባት መቻል ነው። ይህንንም በሌሎች አገሮች ለብዙዎች ያስገኘው፥ እኛ ስሙን ለስድብ የምንጠራው እንስሳ፥ ውሻ ነው።

ነገሩ የተስፋፋው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። በዚያ ጦርነት በመርዝ ጋዝና በመድፍ እጅግ ብዙ ወታደሮች ዐይናቸውን አጡ። ጌርሃርድ ሽታሊንግ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ይህን ተመልክቶ፥ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1916 ዓ.ም. በኦልደንቡርግ ከተማ ዐይነ ስውራን ወታደሮችን የሚመሩ ውሾች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት አቋቋመ። ዶሮቲ ዩስቲስ የተባለች አሜሪካዊት በጀርመን ያየችውን በ1927 ጽፋ ባሳተመች ጊዜ ወሬው ባሕር ተሻገረ፤ በ1929 በአሜሪካ፥ በ1931 ደግሞ በእንግሊዝ ይኸው ሥራ ተጀመረ።

የእነዚህ ውሾች ትምህርት የሚያስደንቅ ነው። ጌታው «ወደ ፊት» ብሎ ሲያዘው መኪና የሚመጣ እንደ ሆነ፥ ውሻው ትእዛዙን እንቢ ብሎ ይቆማል። መታዘዝን ብቻ ሳይሆን፥ አለመታዘዝ የሚገባበትንም ጊዜ ተምሯል ማለት ነው። እግሩን አጥቶ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄደው ደግሞ የወደቀ ቍልፍ ያነሣለታል፤ በር ይከፍትለታል፤ መብራት ያበራለታል።

ቍስሉ በዐይን የማይታይ ወታደርም አለ። ጦርነቱ ካለቀ ከብዙ ዓመት በኋላ ሌሊት በቅዠት ይጮኻል፤ ሕዝብ በተሰበሰበበት መቆም ያስፈራዋል። ውሻው ከቅዠቱ ያነቃዋል፤ በገበያ መካከልም ከኋላው ቆሞ ያረጋጋዋል። በ2021 የአሜሪካ መንግሥት እንደነዚህ ያሉ የቀድሞ ወታደሮች በውሻ ማሠልጠን ሥራ እንዲሳተፉ የሚያደርግ ሕግ አወጣ። በ156 የቀድሞ ወታደሮች ላይ ተደርጎ በ2024 የታተመ ጥናትም፥ ውሻ ያገኙት ገና ተራ ከሚጠብቁት ይልቅ ሕመማቸው እንደ ቀለለላቸው አሳይቷል። ውሻ ሐኪምን አይተካም፤ ነገር ግን ሐኪሙ በሌለበት ሌሊት ከአልጋው አጠገብ ይገኛል።

«ለአንድ ውሻ ይህን ያህል ወራትና ገንዘብ ማውጣት ብክነት ነው» የሚሉ ይኖራሉ። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ። በአገራችን ዐይነ ስውር በልጅ ሲመራ ማየት የተለመደ ነው። መሪው ልጅ ከትምህርቱ ይቀራል፤ ተመሪውም ልጁ ባልመጣ ቀን ከቤት ይውላል። በአንድ ጉዳት ሁለት ሰው ተጎዳ ማለት ነው። ይህስ ኪሳራ ለምን አይቈጠርም?

ሆኖም ውሻው ብቻውን አይበቃም። ጌታውን እየመራ ከምግብ ቤት ደጃፍ ቢደርስና ቢባረር፥ ጌታውም አብሮ ተባረረ። አሜሪካኖች በ1990 ባወጡት የአካል ጉዳተኞች ሕግ እንዲህ ያለው ውሻ ሕዝብ በሚገባበት ስፍራ ሁሉ ከጌታው ጋር እንዲገባ የፈቀዱት ስለዚህ ነው።

ተማሮች ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላሉ። ውሻ ለቍራሽ እንጀራ ይህን ያህል ታማኝ ከሆነ፥ እኛ ሰዎች አካሉን ለሰጠልን ወታደር ምን ያህል ታማኞች ልንሆን ይገባናል? የጦር ጉዳተኛ ምጽዋት ጠባቂ አይደለም፤ ባለ ዕዳዎቹ እኛ ነን። ዕዳችንም የሚከፈለው «አይዞህ» በማለት ብቻ ሳይሆን፥ እርሱ በፈለገው ሰዓት ወደ ፈለገበት የሚሄድበትን መንገድ በመክፈት ነው።