ጠጠሩ ከመነሳቱ በፊት

ዲማ ወርቅ በግራም የሚመዘንበት ወረዳ ነው። በአኮቦ ወንዝ ተፋሰስ አሸዋ አጥቦ ያገኘውን ይዞ ሚዛን ፊት የቆመ ሰው ግራሙን በዋጋው አባዝቶ፣ ዕዳውን ቀንሶ የሚደርሰውን በአእምሮው ማስላት አለበት፤ ካልቻለ የገዢውን ስሌት አምኖ ከመሄድ ሌላ ምርጫ የለውም። አገር አቀፉ የ4ኛ ክፍል የትምህርት ምዘና ግን እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ በተደጋጋሚ ያሳየን የሒሳብ አማካይ ውጤት ከ50 በመቶ በታች ነው። ስለዚህ ገበጣ ወደ ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይግባ እላለሁ፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ተጫዋቹ ጠጠሩን ከማንሳቱ በፊት የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ ጮክ ብሎ ይናገር።

ገበጣ የቆየ ሀብታችን ነው። በመጠራና በየሃ የተገኙት ቅሪቶች ከ6ኛውና ከ7ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆኑ ይገመታል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት ከ100 በላይ የአጨዋወት ዓይነቶችን መዝግበዋል። ዕድሜው ያኮራል፤ ሒሳብ ለማስተማሩ ግን ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው ሌላ ቦታ ነው። ሮበርት ሲግለርና ጊታ ራማኒ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡ የአሜሪካ ሕፃናት ከ1 እስከ 10 በተጻፈበት ሰሌዳ አራት ጊዜ፣ በየጊዜው 15 ደቂቃ ያህል ተጫውተው የቁጥር ችሎታቸው ተሻሻለ። ቀለም ብቻ ባለበት ሰሌዳ የተጫወቱት ግን ባሉበት ቀሩ። ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ኤሊዳ ላስኪና ሲግለር እስከ 100 በሚደርስ ሰሌዳ ያሳዩት ደግሞ ይበልጥ ይጠቅመናል፦ ለምሳሌ 47 ላይ ቆሞ 3 የደረሰው ልጅ «48፣ 49፣ 50» እያለ ሲራመድ ይማራል፤ «1፣ 2፣ 3» ካለ ያን ያህል አይጠቀምም። ሰሌዳው ያው ነው፤ የተለየው ከልጁ አፍ የወጣው ቁጥር ነው።

በ12 ጉድጓድና በ48 ጠጠር የሚደረገውን ዓይነት እንውሰድ። ከ1ኛው ጉድጓድ 4 ጠጠር አንስተን ብንበትን የመጨረሻዋ 5ኛው ላይ ታርፋለች። እዚያ የነበሩት 4 አሁን 5 ሆነዋል፤ እነሱን ስንበትን 10ኛው ላይ እንደርሳለን። እዚያም 5 እናገኛለን። 10 ሲደመር 5፣ 15 ነው፤ 15ኛ ጉድጓድ ግን የለም! ልጁ 12ን ቀንሶ «3» ማለት አለበት። 3ኛው ላይ ስንት ጠጠር እንደሚጠብቀው ሲጠየቅም፣ ከ4ቱ ላይ ቀድሞ አንድ፣ አሁን አንድ መጨመሩን አስታውሶ «6» ይላል። መደመሩም፣ መቀነሱም፣ ማስታወሱም እዚያው አንድ ተራ ውስጥ ናቸው። ዝም ብሎ የሚበትን ልጅ ግን እጁ እስኪያልቅ ይከተላል እንጂ አንዱንም አያሰላም።

ጠንካራው ተቃውሞ ገበጣ ዞሮ የሚገጥም መሆኑ ነው። ሲግለርና ራማኒ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ክብ ሰሌዳ የቀጥታውን ያህል እንደማይጠቅም አሳይተዋል። እቀበለዋለሁ። የቁጥርን ቅደም ተከተል ገና ለሚለምድ ሕፃን መሬት ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምሮ ከ1 እስከ 10 መጻፍ ይሻላል፤ ገበጣ መደመርና መቀነስ ለጀመሩት፣ ከ2ኛ ክፍል ወዲያ ላሉት ይሁን። ቁጥር መናገር ጨዋታውን ያጓትታል፣ ጣዕሙንም ያጠፋል የሚሉም አሉ። መጓተቱ እውነት ነው። ሆኖም የተሳሳተ ተራው ይለፈው ከተባለ ተጋጣሚው ስህተት ለመያዝ ሲል አብሮ ያሰላል፤ ሁለት ልጆች አንድ ሒሳብ ሠሩ ማለት ነው። የመጻሕፍት እጥረት ባለበት ቦታ ደግሞ መሬት ተምሶ ጠጠር ተለቅሞ የሚጀመር መልመጃ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም።

በየትኛው ቋንቋ ይቁጠሩ? ልጁ አፉን በፈታበት። በዲማ በሚነገረው በአኙዋ ቋንቋ 6 የሚባለው 5ና 1፣ 9 የሚባለው 5ና 4 ሆኖ የተሠራ ስም ነው፤ መምህሩ 9 ጠጠሮችን ለሁለት ከፍሎ ሲያስቀምጥ ልጁ የሚያየው ከአፉ የወጣውን ቃል ራሱን ነው።